ከ12ቱ ብልት ያመለጠችው ከረጢት

(ባለፈው ሰሞን ለዶሮ አርቢዎችና ለእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ያወራሁት ነው። በጽሑፍ አርግልን ያለኝ ሰው ስለበዛ ቅጂውን እየሰማሁ ገለበጥኩት። አፌ ላይ እንደመጣልኝ ያወራሁት ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ዞር ዞር ይላል፣ ቻሉት።)

እንደምን ዋላችሁ። እስቲ በጥያቄ ልጀምር፣ እዚህ ካላችሁት ውስጥ ዶሮ መገንጠል የሚችል ማነው? እጅ አውጡ እስቲ። እናቶች ሁላችሁም፣ ወንዶች ደግሞ... ሦስት (ሳቅ)። ጥሩ ነው። እንግዲህ ፈረሰኛውን ታውቃላችሁ፣ መላላጫውን ታውቃላችሁ፣ የቱ ብልት ለማን እንደሚወጣ ሳይቀር ታውቃላችሁ። ግን ከጅራቷ ሥር፣ ከፊንጢጣዋ በላይ በውስጥ በኩል ወደ ጀርባዋ ተጠግታ የተቀመጠች ትንሽ ክብ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድም ሰው የለም። ጥፋቱ የናንተ አይደለም። ለወጥ የምትታረድ ዶሮ የደረሰች ዶሮ ናት፣ ይቺ ከረጢት ደግሞ ዶሮዋ ስትደርስ ነው የምትጠፋው። በአምስት በስድስት ወሯ ብትከፍቷት የምታገኙት ቢበዛ የተጨማደደች ቁራጭ ነገር ነው። ማን አጠፋት? ሆርሞን። በተለይ ስቴሮይድ የምንለው ዘር፣ ቴስቶስትሮን፣ ኢስትሮጅን፣ የጭንቀት ጊዜውም ሆርሞን እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነው። ሁሉም ከኮሌስትሮል ነው የሚሠሩት፣ ሁሉም ቅባት ወዳድ ስለሆኑ የሴሉን ግድግዳ አልፈው ይገባሉ፣ ውስጥ ከተቀባያቸው ጋር ይገናኙና የትኛው ጂን ይብራ የትኛው ይጥፋ የሚለውን ይወስናሉ። ይሄን ያህል ስለ ኬሚስትሪው ይበቃናል።

ከረጢቷ ቡርሳ ትባላለች፣ ሙሉ ስሟ የፋብሪሲየስ ቡርሳ ነው። ፋብሪሲየስ ጣልያን አገር ፓዱዋ ላይ አናቶሚ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፣ በ1533 ተወልዶ በ1619 ነው የሞተው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ሬሳ እየከፈተ ለተማሪ የሚያሳይበት ክብ የእንጨት አዳራሽ ያሠራ ሰው ነው፣ አዳራሹ ዛሬም ድረስ አለ። የደም ዝውውርን ያስረዳው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቪ ራሱ የሱ ተማሪ ነበር። ስለ እንቁላልና ስለ ጫጩት የጻፈው መጽሐፉ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1621 ወጣና ቡርሳ እዚያ ውስጥ ተገለጸች። ምን ትሠራለች ብሎ አሰበ መሰላችሁ? የአውራውን ዘር የምታጠራቅም ዕቃ ናት አለ። ቦታዋን ካያችሁ አያስፈርድም፣ ግን ከረጢቷ በአውራውም ውስጥ አለች እኮ! አውራ ዶሮ የራሱን ዘር ለማን ያጠራቅማል? ሃርቪም በዚህ ነገር ከአስተማሪው ጋር አልተስማማም። ከዚያ በኋላ ከ300 ዓመት በላይ ማንም ሥራዋን በትክክል ሳያውቅ ኖረ።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ ነበር፣ ይቺ ነገር ወጣት ወፍ ላይ ትልቅ ናት፣ ትልቅ ወፍ ላይ የለችም። አሜሪካ ውስጥ የዱር ወፍ የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች አዳኝ ያመጣላቸውን ፌዛንት (ፌዛንት ከዶሮ ጋር የሚዛመድ የዱር ወፍ ነው) ዘንድሮ የተፈለፈለ ይሁን ያምና ለማወቅ በኋላው በኩል ቀጭን ዘንግ አስገብተው የከረጢቷን ጥልቀት ይለኩ ነበር። እኛ በግን አፉን ከፍተን ጥርሱን እንደምናየው ማለት ነው። በ1944 ደግሞ እዚሁ ፌዛንት ላይ የጾታ ሆርሞን ሲሰጥ ቡርሳዋም፣ አንገት ላይ ያለው ታይመስ የሚባለው ዕጢም እንደሚሟሽሹ ታየ። ስለዚህ ሆርሞን እንደሚያጠፋት ታውቋል፣ ምን እንደሚጠፋ ግን ማንም አያውቅም። ሰው ቤት ገብቶ ሌባውን አይቶ የተሰረቀውን ዕቃ እንዳለማወቅ በሉት።

አሁን ደስ የሚለው ታሪክ ጋ ደረስን። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ብሩስ ግሊክ የሚባል ተማሪ ፕሮፌሰሩ ዝይ ሲከፍት ያይና ይቺ ምንድን ናት ይላል፣ ቡርሳ ናት ይባላል፣ ምን ትሠራለች ሲል ደግሞ አንተ ራስህ ፈልገህ ድረስበት ተባለ። ልጁም ነገሩን የምር ያዘው። ከጫጩቶች ላይ ቡርሳዋን በቀዶ ሕክምና እያወጣ ማሳደግ ጀመረ፣ ምን ይጎድልባቸዋል ብሎ ጠበቀ፣ ያድጋሉ፣ ይበላሉ፣ ምንም የጎደለ አይመስልም። ከዚያ ቲሞቲ ቻንግ የሚባል ሌላ ተማሪ ለክፍል ማሳያ ዶሮ አጠረውና ከግሊክ ተበደረ። ማሳየት የፈለገው ቀላል ነገር ነው፣ ዶሮ ሳልሞኔላ በሚባል ባክቴሪያ ስትወጋ ደሟ ውስጥ አንቲቦዲ (ባዕድ ጀርምን የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን) እንደምታወጣ። ወጋቸው፣ የተወሰኑት ሞቱበት፣ የተረፉት ደግሞ አንቲቦዲ አላወጡም። ክፍሉ ተበላሸ። አስቡት፣ ተማሪው ፊት ቆመህ ያልከው ነገር ሳይሆን ሲቀር። ነገር ግን መዝገቡን ሲያዩት አንቲቦዲ ያላወጡት ቡርሳቸው የተወሰደባቸው ሆነው ተገኙ።

ይሄን ጽፈው ትልቅ ስም ላለው የሳይንስ መጽሔት ላኩ፣ አይረባም ተብሎ ተመለሰ። በ1956 በዶሮ እርባታ መጽሔት ላይ ወጣ። የዶሮ መጽሔት የሚያነብ የሰው ሐኪም ደግሞ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ለተወሰኑ ዓመታት እዚያው ተኝቶ ቆየ። እኔ ተማሪ እያለሁ ይሄን ታሪክ ስሰማ የዶሮ ነገር ስንማር እንስቅ ስለነበር ትንሽ አፍሬ ነበር።

እሺ፣ ወደ ሆርሞን እንመለስ። ቀዶ ሕክምና አንድ ችግር አለበት፣ ጫጩቷ ከተፈለፈለች በኋላ ነው የምትሠራው፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ከረጢቷ ሥራ ከጀመረች ሰንብታለች። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ነው የሚታቀፈው አይደል? የቡርሳ ቡቃያ በ4ኛው በ5ኛው ቀን ገደማ ብቅ ትላለች። ከ8ኛው ቀን ግድም ጀምሮ እስከ 2ኛው ሳምንት መጨረሻ ድረስ እናት ሴሎች (በኋላ አንቲቦዲ አምራች የሚሆኑት) በደም መጥተው ይገቡባታል። ስትፈለፈል ከረጢቷ ሞልታ ማፍሰስ ጀምራለች። ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሆርሞን ሰዎች፣ ማየርና ጓደኞቹ፣ በ1959 ያደረጉት ነገር ቀላልና ብልህ ነው። እንቁላሉን በ5ኛው ቀን 19 ኖርቴስቶስትሮን ወጉት። ጫጩቶቹ ያለ ቡርሳ ተፈለፈሉ። በዓመቱ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነዚህ ዶሮዎች አንቲቦዲ ማውጣት እንደሚያቅታቸው ታየ። ቢላ የለ፣ ስፌት የለ። ወዲያው ደግሞ ግሊክ ራሱ መርፌም አያስፈልግም፣ እንቁላሉን ሆርሞን ባለበት ፈሳሽ ውስጥ መንከር ይበቃል ብሎ አሳየ፣ የእንቁላል ቅርፊት ቀዳዳ አለው፣ ስቴሮይድ ደግሞ እንዳልኳችሁ ሰርጎ መግባት ያውቃል።

በነገራችን ላይ 19 ኖርቴስቶስትሮን የሚባለው ምን እንደሆነ ጂም የሚሄዱ ልጆች ያውቁታል፣ ናንድሮሎን ነው፣ ጡንቻ ለማሳበጥ በድብቅ የሚወጉት። (እዚህ ጋ ከኋላ ሁለት ጎረምሶች ተያዩ፣ ስም አልጠራም።)

አሁን ልብ በሉልኝ፣ የዛሬው ወሬዬ ዋናው እዚህ ጋ ነው። አንድ ዓይነት ሆርሞን፣ በ5ኛው ቀን ስትሰጠው ከረጢቷ ጭራሽ አትፈጠርም፣ ዶሮዋ ዕድሜ ልኳን አንቲቦዲ ይቸግራታል። ያው ሆርሞን ዶሮዋ ስትጎረምስ ከራሷ የዘር ዕጢ ሲመጣ ከረጢቷን ያጠፋታል፣ ግን ዶሮዋ ምንም አትሆንም፣ ምክንያቱም ከረጢቷ ሥራዋን ጨርሳ ያሠለጠነቻቸውን ሴሎች ወደ ጣፊያና ወደ አንጀት አሰማርታለች። ግሊክም ይሄን አይቷል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስታወጣት ነው ጉዳቱ የሚታየው፣ በ10 ሳምንት ብታወጣት እምብዛም ለውጥ የለም። ስለዚህ ሰዎች መጥተው ቴስቶስትሮን ለበሽታ መከላከያ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብለው ሲጠይቁኝ መቼ ነው የምትሉኝ እላለሁ። ዝናብ ጥሩ ነው ወይ ብሎ ገበሬን እንደመጠየቅ ነው፣ በሰኔና በአጨዳ ጊዜ መልሱ አንድ አይደለም።

ለምን እንደዚህ ሆነ ብትሉ፣ ቡርሳን ቤት አድርጋችሁ አስቧት። ግድግዳውን የሠሩት የከረጢቷ የራሷ ሴሎች ናቸው፣ ተከራዮቹ ደግሞ ከውጭ በደም የሚመጡት እናት ሴሎች ናቸው። የወንዴው ሆርሞን ተቀባይ በዋናነት ያለው ግድግዳው ላይ ነው። በ5ኛው ቀን ሆርሞኑ ሲመጣ መሠረቱን ነው የሚመታው፣ ተከራዮቹ በ8ኛው ቀን ሻንጣቸውን ይዘው ሲደርሱ ቤት የለም። የጭንቀት ሆርሞኖች ደግሞ በተቃራኒው ተከራዮቹን ራሳቸውን ያገኟቸዋል፣ ወጣት ሊምፎሳይት (እነዚህ የመከላከያ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው) ለነሱ በጣም ስስ ነው፣ ይሞታል።

እነዚህ ያለ ቡርሳ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ባይኖሩ የሰው ሕክምና ዛሬ የሚለው ብዙ ነገር ይዘገይ ነበር። ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ፣ ዎልተርና ኤሊዛ ሆል የሚባል ተቋም አለ፣ በ1960 ኖቤል የወሰደው በርኔት የነበረበት። እዚያ ዋርነርና ዘንበርግ የሚባሉ ሰዎች ከበርኔት ጋር በ1962 እንቁላል በሆርሞን እየወጉ አስፈለፈሉ። ከጫጩቶቹ ብዙዎቹ ቡርሳ የላቸውም፣ ጥቂቶቹ ላይ ግን ሆርሞኑ በርትቶ ታይመሱም አብሮ ተጎድቷል። ከሌላ ዶሮ ላይ ቆዳ ቆርጠው ለጠፉባቸው። ቡርሳ ብቻ የሌላቸው አንቲቦዲ አያወጡም፣ ባዕድ ቆዳውን ግን እንደ ደህና ዶሮ አሽቀንጥረው ይጥላሉ። ታይመሳቸውም የተጎዳው ደግሞ የባዕድ ቆዳ ተለጥፎባቸው ዝም ይላሉ። አያችሁ? የሰውነት ዘበኛ አንድ ዓይነት ነው ሲባል የነበረው ሁለት ዓይነት ሆነ፣ አንዱ ከታች ከቡርሳ የሚወጣ፣ ሌላው ከላይ ከአንገት።

ከዚያ ሚኒሶታ ላይ ማክስ ኩፐር የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነገሩን አጠራው። እሱን ያሳሰቡት ሕፃናት ነበሩ፣ በ1952 ብሩተን የሚባል የጦር ሠራዊት ሐኪም እየደጋገመ በኢንፌክሽን የሚወድቅ የ8 ዓመት ልጅ ደሙ ውስጥ አንቲቦዲ የሚባል ነገር እንደሌለ አግኝቶ ነበር። ልጆቹ ታይመስ አላቸው፣ አንቲቦዲ የላቸውም። ይሄ ነገር የግሊክን ዶሮ አይመስልም? ኩፐር ከፒተርሰንና ከጉድ ጋር ሆኖ አዲስ ከተፈለፈሉ ጫጩቶች ቡርሳ ወይም ታይመስ እያወጣ፣ ቀድመው የወጡትን ሴሎች ደግሞ በጨረር እየገደለ በ1965 ኔቸር የሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣው። ሁለት መስመር እንዳለ ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። ቢ ሴል ስንል ቢ የመጣችው ከቡርሳ ነው፣ ቲ ከታይመስ። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ቢ ሴል የሚል ነገር ከሰማችሁ የዶሮ ቂጥ ነው የተጠራው (ሳቅ)፣ እውነቴን ነው። እኛ ሰዎች ቡርሳ የለንም፣ የኛ ቢ ሴል መቅኔ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ስሙ ግን የዶሮዋ ሆኖ ቀረ። ኩፐርና የታይመሱን ሥራ ያወቀው ዣክ ሚለር በ2019 ላስከር የሚባለውን ትልቅ የሕክምና ሽልማት አብረው ወሰዱ፣ ዘገየ ነው የምለው እኔ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከረጢቷ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ራሱ ስለሚገርም። ሰው አንቲቦዲ ሲሠራ ብዙ ዓይነት ቁራጭ ጂን አለው፣ እያማረጠ ይገጣጥማል። ዶሮ ድሃ ናት። ለአንቲቦዲዋ ቀላል ሰንሰለት (አንቲቦዲ ከሚገጣጠምባቸው ሁለት ዓይነት ክፍሎች ትንሹ) የሚሠራ አንድ ጂን ብቻ ነው ያላት፣ አጠገቡ ደግሞ 25 ግድም በራሳቸው የማይሠሩ የተበላሹ ጂኖች አሉ። ምን ታደርጋለች፣ ቡርሳ ውስጥ ከተበላሹት እየቀደደች ደህናው ላይ ትጥፋለች፣ እያንዳንዱ ሴል ላይ የተለያየ ጥፍ። አንድ ቀሚስ ያላት ሴት ከአሮጌ ጨርቅ ቁራጭ እየጣፈች በየቀኑ ሌላ ቀሚስ እንደምታስመስለው። ይሄን ፈረንሳዮች፣ ሬኖና ቬይ፣ በ1980ዎቹ ነው ያገኙት። ሥራው የሚሠራው ወደ 10 ሺህ በሚጠጉ ትንንሽ ክፍሎች ነው፣ ከሚፈጠሩት ሴሎች ደግሞ 95 በመቶ ያህሉ እዚያው ይሞታሉ፣ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው ወደ ሰውነት የሚወጡት። እና ይሄ ሁሉ ጥፍ የሚጣፈው ከረጢቷ ባለችባቸው ጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በኋላ ላድርገው አይባልም።

ስለ ጭንቀት ሆርሞን ደግሞ። ሰው ሲጨነቅ ኮርቲሶል ነው፣ ወፍ ላይ ዋናው ኮርቲኮስቴሮን ነው፣ ኩላሊት አጠገብ ካለ ዕጢ ይመጣል። ሙቀት፣ መጨናነቅ፣ ውሃ ማጣት፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ በካርቶን መጓዝ፣ ይሄ ሁሉ ከፍ ያደርገዋል። ሲበረታና ሲቆይ ታይመስና ቡርሳ ይሟሽሻሉ። ደም ላይም ይታያል፣ ሊምፎሳይቱ ይቀንስና ሄትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል ይበዛል። በ1983 ግሮስና ሲገል የሁለቱን ንጽጽር የጭንቀት መለኪያ አድርገው አወጡት፣ በኋላ ላይ በግርድፉ 0.2 ዝቅተኛ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ከፍተኛ ጭንቀት ነው ብለዋል። ዶሮ ተጨንቄያለሁ አትልም፣ የደም ስላይዷ ግን ይናገራል።

ነገር ግን ስቴሮይድ ሁሌ ጠላት አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። በ2001 የወጣ የዶሮ ጥናት ቡርሳና ታይመስ ራሳቸው ውስጥ የዚህ ዓይነት ሆርሞን እንደሚሠራ አሳየ። በ2008 ደግሞ ካናዳ ቫንኩቨር ላይ ሽሚትና ሶማ ዜብራ ፊንች የምትባል ትንሽ ዘማሪ ወፍ ጫጩቶች ላይ ሲለኩ ደሟ ውስጥ የሚበዛው ኮርቲኮስቴሮን ሆኖ ሳለ የመከላከያ ዕጢዎቿ ውስጥ ግን ኮርቲሶል በልጦ ተገኘ። ይሄ ምን ማለት ነው፣ ዕጢው ከዋናው ደም የተለየ የራሱን ጠብታ እያዘጋጀ ይጠቀማል ማለት ነው። ለምን? አንዱ ሐሳብ እየተማሩ ያሉትን ሴሎች ለማበጠር ነው የሚል ነው፣ ራስን የሚያጠቃውንና የማይረባውን ለይቶ ለማስወገድ። በሰፌድ እንደማበጠር፣ ሲበዛ ግን እህሉንም ያበናል። እኔ ይሄ ሐሳብ ይጥመኛል፣ ገና ግን ብዙ የሚቀረው ነው።

አውራ ዶሮ የምትወዱ ደግሞ ይሄን ስሙ። አናቱ ላይ ያለችው ቀይ ሥጋ በቴስቶስትሮን ነው የምታድገው፣ ይሄን በ1849 ጀርመን ጎቲንገን ላይ በርትሆልድ የሚባል ሰው አውራዎችን አኮላሽቶ አሳይቷል፣ የተኮላሸው አናቱ ይሟሽሻል፣ አይጮህም፣ አይጣላም፣ የዘር ፍሬ መልሶ ሲተክልበት ግን ሁሉም ይመለሳል። በ1992 ፎልስታድና ካርተር አንድ ሐሳብ አመጡ፣ ሆርሞኑ መከላከያውን የሚያዳክም ከሆነ ትልቅ ቀይ አናት ይዞ በጤና የሚዞር አውራ ብርቱ ነው፣ ሴቷም እሱን የምትመርጠው ለዚህ ነው የሚል። ከዚያ በ1999 ሆላንዶች ለብዙ ትውልድ አንቲቦዲ በብዛት እንዲያወጡና በጥቂቱ እንዲያወጡ ተለይተው የተራቡ የዶሮ ዘሮችን አወዳደሩ። አንቲቦዲ የሚያወጡት አውራዎች አናታቸው ትንሽ ሆኖ ተገኘ። በሌሎች ወፎች ላይ ውጤቱ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ነው፣ ስለዚህ ለገና አውራ ስትገዙ አናቱ ትልቅ ነው በሽተኛ ይሆናል ብላችሁ ከነጋዴ ጋር እንዳትጣሉ።

እናትም አለችበት። በ1993 ሽዋብል የሚባል ሰው ካናሪ ወፍ እንቁላሏ አስኳል ውስጥ ቴስቶስትሮን እንደምታስቀምጥ፣ ያውም መጨረሻ ለምትጥለው እንቁላል እየጨመረች እንደምትሄድ አሳየ። የመጨረሻው ልጅ ከታላላቆቹ ጋር ለጉርሻ እንዲሻማ ጉልበት ስታበድረው ይመስላል። ብድር ደግሞ ወለድ አለው፣ በ2005 ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች የውሃ ወፍ እንቁላል ውስጥ የወንዴ ሆርሞን ሲጨምሩ ጫጩቶቹ ቶሎ አደጉ፣ መከላከያቸው ግን ደከመ። መጠኑ እንደ ዊስኮንሲኑ ከረጢቷን ጠራርጎ የሚያጠፋ አይደለም፣ ጠብታ ነው፣ ግን አቅጣጫው ያው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ቤት እንምጣ። ጉምቦሮ የማያውቅ አርቢ እዚህ የለም መቼም። በ1962 ኮስግሮቭ የሚባል ሰው የገለጸው በሽታ ነው፣ ስሙን ያገኘው ደላዌር አሜሪካ ካለ ጉምቦሮ ከሚባል ቦታ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ በ2002 የተነሳው ወረርሽኝ ተመዝግቧል። ቫይረሱ የሚፈልገው ቡርሳ ውስጥ ያሉትን ወጣት ቢ ሴሎች ነው። ለዚህ ነው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያሉትን የሚፈጃቸው፣ ከረጢቷ የሞላችበት ጊዜ ስለሆነ። ትልልቆቹ ከረጢቷ ስለሌለቻቸው አይታመሙም። እንዲያውም ቡርሳቸው ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ዶሮዎች ኃይለኛ ቫይረስ ሲሰጣቸው እንዳልታመሙ በሙከራ ታይቷል፣ የሚቃጠል ጎጆ የሌለው ሰው እሳት አይፈራም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ከ3 ሳምንት በፊት የሚይዘው ነው። ጫጩቷ የታመመች አትመስልም፣ አርቢው አይቶ ምንም አይልም፣ ውስጧ ግን ከረጢቷ አልቃለች፣ ማለትም ቫይረሱ ቴስቶስትሮኑ የሚሠራውን ሥራ ሠርቷል። ከዚያ የፈንግል ክትባት ትሰጧታላችሁ፣ በደንቡ፣ ክትባቱ ከቅዝቃዜ ሳይወጣ፣ ሁሉም ተሟልቶ፣ ፈንግል ሲመጣ ግን ትሞታለች። አርቢው ክትባቱ ውሸት ነው ይላል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ እንደዚህ ብዬ ክትባት ሻጩን ተሳድቤያለሁ፣ በኋላ የሞቱትን ስከፍት ከረጢቷ የሽምብራ ፍሬ አክላለች፣ ሰውየውን ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ ሱቁን ቀይሯል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጠብቁ የምላችሁ፣ ሀይ ቦክሱ (የጫጩት ማሞቂያ ሳጥኑ) ሙቀቱ ልክ ይሁን፣ አታጨናንቋቸው፣ የክትባት ቀን ከማጓጓዝ ቀን ጋር አይጋጭ፣ ዴክሳሜታዞን የሚባለውንም መርፌ ያለ ሐኪም አትንኩ፣ እሱም ስቴሮይድ ነው፣ የምትከትቡትን መከላከያ ራሳችሁ ትጫኑታላችሁ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር፣ ሁለቱን ልጻፍላችሁ።

አንድ ወንድም፣ የፈረንጅ ዶሮ በሆርሞን ነው የሚያድገው ይባላል፣ ልጆቻችን እየተበላሹ ነው አለ። ይሄ ጥያቄ ሳይነሳ አልቀረም አልኩ ለራሴ። በ1940ዎቹና 50ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዲኢኤስ የሚባል ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን በአውራ ዶሮ አንገት ቆዳ ሥር ይቀበር ነበር፣ እንደ ሙክት እንዲሰባ፣ ወሬው ሥር አለው ማለት ነው። ግን ዶሮ ላይ በ1959 ተከለከለ፣ ዛሬም እዚያ አገር ለዶሮ ሆርሞን መስጠት አይፈቀድም። የሥጋ ዶሮ በስድስት ሳምንት የሚደርሰው በዘር ምርጫና በመኖ ነው። በዚያ ዕድሜ ገና ጫጩት ነው እኮ፣ ሥጋው ብቻ ነው የጎለመሰው። ካላመናችሁኝ ቡርሳውን እዩ፣ ሙሉ ሆና ታገኟታላችሁ። የጾታ ሆርሞን በብዛት ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ከረጢቷ ትሟሽሽ ነበር።

አንዲት እናት ደግሞ፣ ታዲያ ያቺን ከረጢት እንዴት ነው የማገኛት፣ ለማየት ጓጓሁ አሉ። እማማ፣ የእንቁላል ጣይዋን አይክፈቷት፣ የለችም። በአራት በአምስት ሳምንቷ የሞተች ጫጩት ስትገኝ በጀርባዋ ያስተኟት፣ ሆዷን ይክፈቱ፣ አንጀቱን ወደ ላይ ገለጥ አድርገው መጨረሻውን ይከተሉት፣ ከፊንጢጣው ከፍ ብሎ ከኋላው የተደበቀች ነጣ ያለች ክብ ነገር አለች። ከጣፊያዋ ጋር ያስተያዩአት፣ በዚያ ዕድሜ ከጣፊያዋ ካነሰች ነገር አለ ማለት ነው። ሲሰነጥቋት ውስጧ እንደ መጽሐፍ ገጽ እጥፍ እጥፍ ያለ ነው። ቢጫ ዝልግልግ ነገር ወይም ደም ካዩባት ጉምቦሮ ነው ብለው ይጠርጥሩ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይጥሩ። ጓንት ያድርጉ ብቻ፣ ቢላዋውንም ከወጥ ቤቱ አይውሰዱ።